በኮሮና ጊዜ የገጠር ወጣቶች የግብርና ባዛር ጅማ ላይ እንዴት ይሁን? ሃሳብ ስጡን

ጎማ_ወጣት · ጥር 20፣ 2013

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከአጋሮ ነው የምጽፈው። አምና ልናዘጋጀው የነበረውን የገጠር ወጣቶች የግብርና ባዛር የምታስታውሱ ካላችሁ፣ መጋቢት 4 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ሲባል ሁሉም ነገር ቀጥ አለ፣ ለድንኳን የከፈልነው ቀብድ ሳይቀር እዛው ቀለጠ። ከዛ አዋጅ ወጣ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ልጆቹም ዶሮአቸውንም ማራቸውንም ለደላላ በተገኘው ዋጋ እየሰጡ ዓመቱ አለቀ። አሁን አዋጁ ካበቃ ወራት ሆኖታል፣ ትምህርት ቤትም በፈረቃ ተከፍቷል፣ ስለዚህ ዘንድሮ ይደረግ የሚል ግፊት ከየወረዳው እየመጣ ነው። የተደራጁት ልጆች ቡና አላቸው፣ ማር አላቸው፣ የ45 ቀን ጫጩት የሚያሳድጉ አሉ፣ የአቮካዶና የቡና ችግኝ የሚያፈሉም አሉ።

ጥያቄዬ፣ እንደ ድሮው ጅማ ከተማ ላይ ስታዲየም ይዘን ሁሉንም ወረዳ እንጥራ ወይስ ሌላ መላ አለ? ቀኑስ መቼ ቢሆን ይሻላል? ከጤና ጽ/ቤት ጋር ገና አልተነጋገርንም፣ ባዶ እጃችንን ከምንሄድ የረባ እቅድ ይዘን እንሂድ ብለን ነው። ልምድ ያላችሁ በነጻነት ጻፉ፣ ስድብ ብቻ አይሁን።

ሂርማታ_ልጅ

እኔ ሁሌም የማይገባኝ ነገር አለ። ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውጡና እዩ፣ እግር መርገጫ የለም፣ ማስክ ያደረገም ካለ አገጩ ላይ ነው። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ተደጋግፎ ይበላል። ለቅሶውን ተዉት። ታዲያ ኮሮና የሚመጣው ወጣት ተደራጅቶ ዕቃ ልሽጥ ሲል ብቻ ነው እንዴ? ስታዲየም ክፍት ሜዳ ነው፣ አየሩም ነፋሻ ነው፣ በቃ አድርጉት አቦ፣ ብዙ አታስቡ።

ነርስ_ከሰርቦ

ወንድሜ የሂርማታው እውነት ነው፣ አልክድህም፣ እኔም እዛው ነው ሽንኩርት የምገዛው። ግን ልዩነቱን ልንገርህ፣ ገበያ የሚመጣው ሰው ከአካባቢው መጥቶ ማታ እዛው አካባቢው ነው የሚመለሰው። ባዛሩ ከጌራም ከሰጠማም ከኦሞ ናዳም ከዴዶም ሰው በሚኒባስ አምጥቶ ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ አውሎ፣ ምሳ አብልቶ፣ ምናልባትም አንድ ክፍል ውስጥ አሳድሮ ከዛ ወደ ሁሉም ቀበሌ መልሶ ይበትነዋል። ሜዳው ክፍት መሆኑ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሜዳው አይደለም፣ ሚኒባሱና ማደሪያው ነው። በዛ ላይ ወጣቱ ራሱ ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ቤት ሲገባ ግን አያቱ አለች፣ ስኳር ያለበት አባቱ አለ። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሰው ከጌራዋ ጪራ ተነስቶ ጅማ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ። ክትባቱም እስካሁን፣ ጥር 2013 ድረስ፣ አገር ውስጥ አልገባም።

አይደረግ እያልኩ ግን አይደለም! የዘንድሮው የኮሮና መመሪያ 30/2013 ማስክ አድርጉ፣ ሁለት ሜትር ተራራቁ፣ አትጨባበጡ ነው የሚለው፣ እና ያንን ማድረግ የሚቻልበት ባዛር ካለ ይደረግ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ በር ላይ ሰው ላይ በረኪና የሚረጭ ሰው እንዳታቆሙ፣ አምና አንዳንድ ቦታ አይቻለሁ፣ አይንና ቆዳ ከማቃጠል ውጪ ጥቅም የለውም። ለእጅ ሳሙናና ውሃ ይበቃል፣ 20 ሰከንድ ፍትግ ፍትግ ማድረግ ነው። በረኪናው ለሽንት ቤትና ለወለል ይሁን፣ 5 ፐርሰንት የሚለውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በዛው ቀን በጥብጦ በዛው ቀን መጨረስ። የታመመ ሰው ካጋጠማችሁ 8335 ወይ 952 ነጻ ነው፣ ደውሉ።

ቡና_አቅራቢ

እኔ ገዢ ሆኜ ልናገር። ከዚህ በፊት የተደረጉ ባዛሮች ላይ ተጠርቼ ሄጃለሁ። ሦስት ሰዓት ተብሎ አምስት ሰዓት ይጀመራል፣ ከዛ ንግግር፣ ከዛ ሌላ ንግግር፣ ከዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ከዛ እንግዶች እየዞሩ ፎቶ ይነሳሉ፣ ልጁ ግን ጆንያውን ይዞ ጸሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚውለው። እኔ ከልጁ ጋር የማወራው አስር ደቂቃ ብቻ ነው፣ ያቺን አስር ደቂቃ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይቃጠላል። ስለዚህ ኮሮና ነው ብላችሁ የምትቀንሱት ነገር ካለ ንግግሩንና ድንኳኑን ቀንሱት፣ ገዢና ሻጭ የሚገናኙባትን አስር ደቂቃ ግን አትንኩብን። ለልጆቹ ከዋንጫና ሰርተፍኬት ይልቅ የገዢ ስልክ ነው የሚጠቅማቸው።

ለቡና ደግሞ ጭራሽ ኩንታል ማጓጓዝ አያስፈልግም። ናሙና በቂ ነው፣ ግማሽ ኪሎ በንጹህ ከረጢት፣ ላዩ ላይ ቀበሌው፣ ከፍታው፣ የተለቀመበት ወር፣ የታጠበ ነው ወይስ ደረቅ፣ አልጋ ላይ ደርቆ ነው ወይስ መሬት ላይ። እርጥበቱን እኔ እለካለሁ፣ ከ12 ፐርሰንት በታች ካልሆነ ባታመጡት ይሻላል፣ ይሻግታል። አምና የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ጥራት ውድድር ሲካሄድ ወረርሽኙ ገብቶ ነበር፣ ያም ሆኖ ጨረታው በኦንላይን ተካሂዶ ቡናው ተሸጠ፣ ገዢዎቹ የትም አልሄዱም፣ አገራቸው ቁጭ ብለው ነው። እኛም ከአጋሮ ጅማ ናሙና መላክ አያቅተንም።

ጎማ_ወጣት

@ቡና_አቅራቢ ይሄ ሃሳብ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ቡናው በናሙና። ዶሮና ማር ግን በናሙና አይሆንም፣ ምን ትላላችሁ?

የቡ_ዶሮ

ዶሮ ላይ ልምጣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ስለ ኮሮና ሲያወራ የዶሮዋን ወረርሽኝ ፈንግልን ረሳት። ወላሂ ለእኛ ለዶሮ አርቢዎች ከኮሮና በላይ የምታስፈራው እሷ ናት። ከአስር ወረዳ የመጣ ዶሮ አንድ ሜዳ ላይ ሲደባለቅ አንዱ የታመመ ካለ ሁሉም ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው፣ ከዛ በሳምንት ውስጥ ሙሉ ቤት ዶሮ አንገቱን እየጠመዘዘ አረንጓዴ እየቀዘነ ሲያልቅ ታያለህ። ስለዚህ ህግ ይውጣ፣ ከባዛሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ያልተከተበ ዶሮ በር አያልፍም፣ ወረቀቱን የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈርሞ ይስጥ።

የፈንግል ክትባቱን ላሶታን በውሃ የምትሰጡ ልጆች ደግሞ ይሄንን ልብ በሉ፣ ዘንድሮ ሁሉም ሰው በረኪና በረኪና ስለሚል ጠጪያቸውን በበረኪና አጥበው ሳያለቀልቁ ክትባቱን የሚበጠብጡ አሉ። ክትባቱ ህይወት ያለው ነገር ነው፣ ክሎሪን ይገድለዋል፣ የቧንቧ ውሃም ቢሆን ክሎሪን አለው። የምንጭ ወይ የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ፣ ትንሽ የዱቄት ወተት ጨምሩበት፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት ዶሮዎቹን ውሃ አስጠምታችሁ ስጡ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ ደግሞ ቀጥታ መንጋው ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው 14 ቀን ይቀመጥ። ለዶሮም ኳራንቲን አለው 😂

ዲኤ_ነኝ

ቀኑን በተመለከተ ልጨምር፣ ልማት ሰራተኛ ነኝ፣ ወረዳዬን አልናገርም። ለቀማው አሁን እያለቀ ነው፣ የካቲት ላይ የሰው እጅ ነጻ ይሆናል፣ ትንሽም ብር ኪሱ ውስጥ አለ። መጋቢት ከገባ ለበቆሎ እርሻ ይጀመራል፣ ሚያዝያ 5 አካባቢ ረመዳን ይገባል፣ ያኔ ማንንም ጸሐይ ላይ አታቆሙም። የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 29 ይገባል፣ ከዛ በኋላ ጅማ ከተማ ላይ ዶሮና እንቁላል ማን ይገዛችኋል? 23 አድዋ ነው። ስለዚህ የሚሆነው የካቲት 13፣ 20 እና 27 ቅዳሜዎቹ ናቸው፣ 27 እንደውም የቅበላ ቅዳሜ ስለሆነ ዶሮ ያለው ሰው እሷን ቀን እንዳያመልጠው።

የባዛሩን የሽልማት ውድድር ግን ሜዳ ላይ አታድርጉት። ዳኞቹ ወደ ልጁ ጓሮ ይሂዱ፣ ሁለት ዳኛና አንድ ልማት ሰራተኛ በሁለት ሞተር፣ ማስክ አድርገው፣ ደጅ ላይ ቆመው፣ የዶሮ ቤቱን፣ መኖውን፣ የመዝገብ ደብተሩን ያያሉ፣ ስንት ገዛ ስንት ሞተ ስንት ሸጠ። ደብተር የሌለው ልጅ ነጥብ የለውም። የተለያየ ሰው ጓሮ ስለሚረግጡ ጫማቸውን በየቤቱ መግቢያ ይታጠቡ፣ @የቡ_ዶሮ ያለው ፈንግል በጫማም ይሄዳል። ደሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ባዛር ላይ ከጎረቤት በተዋሰ ላም የተሸለመ ሰው የማታውቁ አላችሁ? ጓሮው ድረስ ከተሄደ ይሄ ቀልድ አይኖርም።

ሂርማታ_ልጅ

የላሟን ነገር 😂😂😂 እኛ ሰፈር እንደዛ ሆኗል፣ ላሟ ተሸልማ ማታ ወደ ባለቤቷ ተመለሰች። እሺ ጓሮ ድረስ የሚለውን ተቀብያለሁ።

ሰቃ_እህት

እኔ የቴሌግራም ቻናል ይከፈትና ፎቶ ተለጥፎ በስልክ ይሸጥ የሚል ሃሳብ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። በእኛ ማህበር ውስጥ ካሉ ሴቶች ብዙዎቻችን ስማርት ስልክ የለንም፣ ዶሮው የኔ ነው ስልኩ የወንድሜ ነው። አንዴ በወንድሜ ስልክ ገዢ ደውሎ ተስማምቶ፣ ብሩ በወንድሜ አካውንት ገብቶ፣ እኔ የሰማሁት ዶሮዎቹ ሊጫኑ ሲመጡ ነው፣ ብሩም እስከ ዛሬ "እሰጥሻለሁ" ነው። ወንድሜን ለማማት አይደለም፣ እወደዋለሁ፣ ግን ዝርዝሩ ሲሰራ ስም የሚጻፈው የሠሪዋ ይሁን፣ ብሩም በራሷ የባንክ ደብተር ይግባ፣ ስልክ ከሌላት የማህበሩ ጸሐፊ ስልክ ይጻፍና ዋጋ ከመቆረጡ በፊት እሷ ራሷ ትጠየቅ። አካል ለአካል ሲሆን እኮ እኔው ነኝ የምደራደረው፣ ባዛሩን ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ካደረጋችሁት እኛን ነው የምታስወጡን።

ነርስ_ከሰርቦ

@ሰቃ_እህት አንቺ ያልሽው ነገር ለእቅዱ ትልቅ ነገር ነው የኔ እህት። ስለዚህ ሜዳው ይኑር፣ ግን ትንንሽ ይሁን።

ጌራ_ማር

ከጪራ። እኛ ጋ ኔትወርክ ዛፍ ላይ ካልወጣህ የለም፣ ይሄንንም አጋሮ ወርጄ ነው የምጽፈው 😅 ስለዚህ ማስታወቂያው በዩኒቨርሲቲው ማህበረሰብ ሬዲዮ ይነገር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ መስጊድና ቤተክርስቲያንም ይነገር።

ስለ ማር፣ ህይወት ያለው ንብ ሜዳ ላይ እንዳታመጡ። አንድ ጊዜ አንዱ ዘመናዊ ቀፎ ከነንቡ አምጥቶ ሰው ሁሉ ሲበታተን አይቻለሁ። ዘንድሮ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሳኒታይዘር ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ንብ ያንን ሽታ አትወድም፣ ትነድፋለች። ባዶ ቀፎ፣ ሰም፣ ማጨሻ፣ የተከደነ የማር እንጀራ ይበቃል። ማር ማቅመስም ችግር አለው፣ ድሮ አንድ ማንኪያ ይዞራል፣ አሁን እንጨት ተላጦ አንዴ ቀምሶ መጣል ነው፣ ሻጩ ራሱ ነክሮ ይሰጣል፣ ገዢ እጁን ወደ ባልዲው አያስገባም። ደሞ የካቲት ላይ ነጭ ማር አትጠብቁ፣ የገተማ ዛፍ አበባው ገና ነው፣ አሁን ያለው የግራዋ አበባው ነው፣ ገዢው ነጩን ከፈለገ ስሙንና ስልኩን ጽፎ ይሂድ።

ዲኤ_ነኝ

ችግኝም እንደዛው ነው። 74110፣ 74112፣ 74158 የሚባሉትን የቡና ዝርያዎች የሚያፈሉ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ ከጅማው የመልኮ ግብርና ምርምር የወጡት የቡናን ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙት ማለት ነው፣ ግን የካቲት ላይ ችግኙ ገና ሕፃን ነው፣ ተከላው ሰኔ ነው። ስለዚህ ሺህ ችግኝ በአይሱዙ ጭኖ ማንገላታት ምን ያደርጋል፣ አምስት አስር ማሳያ ይዞ ቀብድ መቀበልና ለሰኔ ማስመዝገብ ነው፣ ገዢው ሰኔ ላይ ራሱ ችግኝ ጣቢያው ድረስ ይሄዳል።

አጂፕ_ካፌ

ሁሉንም አነበብኩ፣ ማንም የጠየቀ ግን የለም፣ ቡና ይፈላል ወይስ አይፈላም??

ሂርማታ_ልጅ

@አጂፕ_ካፌ እሱን ማን ይጠይቃል፣ ጅማ ላይ ባዛር ተደርጎ ቡና ሳይፈላ? ሰው ይስቅብናል።

ነርስ_ከሰርቦ

ይፈላ፣ ችግሩ ሲኒው ነው፣ ሃምሳ ሲኒ አንድ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየተነከረ ነው የሚዞረው። በወረቀት ኩባያ ይሁን።

ቡና_አቅራቢ

በወረቀት ኩባያ?? ጅማ ላይ?? አረ እህቴ እንደዛስ አይሆንም።

የቡ_ዶሮ

እያንዳንዱ ሰው ሲኒውን ከቤቱ ይዞ ይምጣ፣ አለቀ።

ነርስ_ከሰርቦ

እሺ ሲኒውን ይዞ ይምጣ። የምታፈላው ሴት ግን ማስክ ታድርግ፣ ሦስተኛው እስኪደርስም ክብ ሠርቶ መቀመጥ የለም።

ጎማ_ወጣት · ጥር 22

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ያክብራችሁ። ትናንት ማታ ከአስተባባሪዎቹ ጋር ቁጭ ብለን የጻፋችሁትን በሙሉ አነበብነው። የደረስንበትን ልጻፍና ቀዳዳ ካለው ንገሩን። ስታዲየሙ ቀርቷል። ሦስት ቦታ፣ ሦስት ቅዳሜ እናደርጋለን። የካቲት 13 አጋሮ፣ ለጎማ፣ ለጌራና ለሰጠማ፣ እዛ የቡና ናሙናና ማር ብቻ ነው፣ ዶሮ የለም ምክንያቱም ከባዛሩ ሁለት ሳምንት በፊት ሁሉንም ከትቦ ማዳረስ አይቻልም። የካቲት 20 ሰርቦ፣ ለቀርሳ፣ ለጢሮ አፈታና ለኦሞ ናዳ፣ ቡና ማር ችግኝ ሁሉም። የካቲት 27 ጅማ ከተማ ዳር ላይ፣ ለሰቃ፣ ለማናና ለዴዶ፣ ይሄ የዶሮና የእንቁላል ቀን ነው። ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤቱ ይገባል፣ የሚያድር ሰው የለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ50 ሰው በላይ አናስገባም፣ ገዢዎች በሰዓት ይመዘገባሉ። በር ላይ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ በጀሪካን እናበጃለን፣ አንዱ ልጅ ብየዳ ይችላል።

ውድድሩ በየጓሮው ነው፣ ከየካቲት 1 ጀምሮ። የዝርዝሩን ነገር @ሰቃ_እህት እንዳለችው፣ የሠሪው ስም፣ የራሷ ደብተር። እንደውም እሷ ራሷ ዝርዝሩን የሚይዘው ኮሚቴ ውስጥ ብትገባልን ደስ ይለናል።

መምህር_ጡረታ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እቅዱ ጥሩ ነው። አንድ ስጋት አለኝ፣ ንግግር የለም ብላችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ አንዳንድ ኃላፊ ይከፋዋል፣ የተከፋ ኃላፊ ደግሞ ፈቃድ ያዘገያል። አገሩን እናውቀዋለን። ስለዚህ "ንግግር የለም" አትበሉ፣ "የክቡራን እንግዶች መልዕክት በሬዲዮ ይተላለፋል" በሉ። እነሱም ይናገራሉ፣ እናንተም ሰው አትሰበስቡም።

ቡና_አቅራቢ

ጋሼ ይሄ ከእድሜ የመጣ ጥበብ ነው 👏 እኔ ሦስቱም ቦታ እመጣለሁ፣ የእርጥበት መለኪያዬን ይዤ። ሌሎች አቅራቢዎችንም አናግራለሁ፣ ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ካልተጀመረ አልጠብቅም።

ሰቃ_እህት

ኮሚቴው ውስጥ እገባለሁ፣ ግን ስብሰባው ማታ ከሆነ ቤተሰብ አይለቀኝም፣ ከአስር ሰዓት በፊት አድርጉት።

ጎማ_ወጣት

ስምንት ሰዓት አድርገነዋል፣ ሰኞ፣ ሜዳ ላይ ዛፍ ስር። @መምህር_ጡረታ ደብዳቤውን ቢያዩልን ጋሼ፣ ማታ እልክልዎታለሁ። ሌላው ሁሉ ተገኝቷል፣ የቀረን የዶሮ ሳጥን ነው፣ ከየቡ ከተማና ከሰቃ የሚጫነው ዶሮ በፌስታልና በገመድ ታስሮ እንዳይመጣ። የእንጨት ወይ የቀርከሃ ሳጥን የሚያከራይ ወይም የሚሠራ አናጢ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ብሩ ከማህበሩ ነው የሚከፈለው።

የቡ_ዶሮ

እኛ ሰፈር አለ፣ በቀርከሃ ይሠራል። ግን ቀብድ ሳይቀበል ቢላ አያነሳም፣ ነገ ጠዋት ደውልልኝ።